ካርዱ እስኪመጣ

ኤልኮ፣ ኔቫዳ
ሜይ 9 ቀን 1999

እትዬ ሄልሚ፣

ስላልደወልኩልሽ አትቆጪኝ። ካምፑ ውስጥ ያለው ስልክ አንድ ነው። ከኋላዬ አሥር ሰው ተሰልፎ እየገላመጠኝ ከሎሬይንና ከክሪስታ ጋር ሁለት ቃል ከተለዋወጥኩ ትልቅ ነገር ነው። ለአንቺ ደግሞ መጻፍ ይሻለኛል። በስልክ ገና አፌን ሳልከፍት ትቆጪኛለሽ፤ በደብዳቤ ቢያንስ እስክጨርስ ድረስ ትታገሻለሽ።

ሥራው እንዴት ነው ላልሽኝ፣ ጥሩ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የወረቀት ፋብሪካ ማሽን ሲጠግን የኖረ እጅ ለማዕድን መኪና አያንስም። የአንዱ መኪና ጎማ ብቻውን የአንቺን የሳውና መታጠቢያ ቤት ያክላል ብልሽ ታምኛለሽ? የምኖረው ዴል ከሚባል የአይዳሆ ሰው ጋር በተጎታች ቤት ነው። ዴል ያንኮራፋል፣ የእኔን ቋሊማ ይበላል፣ ግን ልቡ ደግ ነው።

ሎሬይን እንዴት ናት? ለባሏ ደህና ነኝ ነው የምትለው፤ አንቺ እውነቱን ንገሪኝ። የታይሮይድ ኪኒኗን እየዋጠች ነው? ያቺ ልጄ ክሪስታስ ትምህርቷን እያጠናች ነው? የውሻው ሆድ ተሻለው? ጁን ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁሉንም ጭና ትመጣለች፤ እስከዚያ ዓይንሽን ከነሱ ላይ አታንሺ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሠላሳ ዓመት የፋብሪካውን የኢንሹራንስ ወረቀት ስትሠሪ ስለኖርሽ ከአንቺ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የዚህ ድርጅት የሕክምና ኢንሹራንስ የሚጀምረው ሥራ በገባሁ በዘጠናኛው ቀን፣ ጁላይ 25 ነው። ዴል “ካርዱ እጅህ እስኪገባ ድረስ ማስነጠስ እንኳ ክልክል ነው። ሐኪም ቤት ደጃፍ ከታየህ ‘ይዘኸው የመጣኸው በሽታ ነው’ ብለው አንድም ነገር አይከፍሉልህም” ይለኛል። እውነቱን ነው? ዝም ብዬ ለማወቅ ያህል ነው።

ወንድምሽ ዌይኖ


ፓይን ሃርበር፣ ሚሺጋን
ሜይ 16 ቀን 1999

አንተ ዌይኖ፣

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የሎሬይንን ጤና ጠየቅህ፣ የክሪስታን ጠየቅህ፣ የውሻውን ሆድ ሳይቀር ጠየቅህ። ስለ ራስህ ግን አንዲት ቃል የለችም። ሰው ለእህቱ ሲጽፍ “እኔ ደህና ነኝ” ሳይል ወረቀቱን ያጥፋል?

ደግሞ “ዝም ብዬ ለማወቅ ያህል” ትለኛለህ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆነህ የሚስተር ኒሚን ጀልባ አስምጠህ ስትመጣ “እህቴ፣ ጀልባ ስንት ያወጣል? ዝም ብዬ ለማወቅ ያህል” ነበር ያልከኝ። ጀልባው የት ነው የሰመጠው አሁን?

ሎሬይን ደህና ናት። ኪኒኗንም እየዋጠች ነው፤ ፋርማሲስቱ ሊዮ ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ በቅናሽ ይሰጣታል። ክሪስታ አታጠናም። ውሻው ከሁላችንም ይሻላል።

እዚህ የፋብሪካው በር በሰንሰለት ተጠፍሯል። ሰዉ አሁንም ወረቀቱን ይዞ እኔ ቤት ነው የሚመጣው። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሠራተኛ ነበርን፤ አብዛኛው በዚህ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሄዷል። “ሄልሚ፣ ከኪሴ እየከፈልኩ መቀጠል አልችልም?” ይሉኛል። ድርጅቱ ሲከስር ኢንሹራንሱም አብሮት ስለሞተ የሚቀጠል ነገር እንደሌለ መቶ ጊዜ ተናግሬያለሁ። እኔን ምን ሆነሽ ነው ያልከኝ ነገር የለም፤ ደህና ነኝ።

ለጥያቄህ መልስ አለኝ። የምሰጥህ ግን ምን እንደሆንክ ስትነግረኝ ነው።

እህትህ ሄልሚ


ኤልኮ
ሜይ 25 ቀን 1999

እትዬ ሄልሚ፣

ምንም አልሆንኩም ብዬ አንድ ገጽ ጽፌልሽ ነበር። ቀደድኩት።

እብጠት አለብኝ። ቦታውን አትጠይቂኝ። ከቀበቶ በታች ነው፣ ከዚህ በላይ ለታላቅ እህት አይጻፍም። አያምም። የባቄላ ፍሬ ታክል ነበር፤ አሁን ትንሽ ገፍታለች። ኤፕሪል ሦስት ቀን፣ ለዚህ ሥራ ልፈተን ከመምጣቴ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ሳውና ውስጥ ስታጠብ ነው ያገኘኋት። ያን ጊዜ ኢንሹራንስ አልነበረኝም። ሥራም አልነበረኝም። ሥራ ፈት ሆኜ ሐኪም ጋ ሄጄ “ካንሰር ነው” ቢለኝ ማን ይቀጥረኛል? ስለዚህ ዝም አልኩ። ከዚያ ሥራውን አገኘሁ፣ ዴል ደግሞ የነገርኩሽን ነገረኝ፣ አሁንም ዝም እንዳልኩ ነኝ።

አስቤበታለሁ። ካርዱ ጁላይ 25፣ እሑድ ቀን ነው የሚጀምረው። ሰኞ ጠዋት ሐኪም ቤት ደጃፍ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። “ትናንት ነው ያየሁት” እላለሁ። ሁለት ወር ምን አላት? አንድ ወር እኮ አለፈ።

ለሎሬይን ትንፍሽ እንዳትይ። እሷ ከሰማች ክሪስታ ትሰማለች፣ ክሪስታ ከሰማች ከተማው ይሰማል። ምክር ጠይቄሽ ነው እንጂ እንድታለቅሺልኝ አይደለም።

ዌይኖ


ፓይን ሃርበር
ጁን 1 ቀን 1999

ወንድሜ ዌይኖ፣

አላለቀስኩም። ቀበቶህን ተወውና ቃሉን እኔ ልጻፍልህ፤ የዘር ፍሬ ይባላል። ሠላሳ ዓመት የሰው የሕክምና ሂሳብ ሳነብ የኖርኩ ሴት ነኝ። አንተ የምታፍርበትን ሁሉ የግማሽ ፋብሪካ ወንድ ስም ከፊቱ ተጽፎ አይቼዋለሁ። ቶሎ የሄዱት ዛሬ ዓሣ ያጠምዳሉ። የዘገዩትን ስም አልጽፍልህም።

አሁን በደንብ አንብበኝ፤ ሁለት ጊዜ አንብበኝ። ዴል ተሳስቷል።

አንደኛ፦ “ይዞት የመጣው ሕመም” የሚሉት፣ ሥራ ከመጀመርህ በፊት በነበሩት ስድስት ወራት ሐኪም ያየው ወይም ያከመው ወይም ምክር የሰጠበት ሕመም ነው። ቆጠራው የሚያበቃው ካርዱ በሚመጣበት ቀን ሳይሆን ሥራ በጀመርክበት ቀን፣ ኤፕሪል 26 ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሐኪም ብታይ አይቆጠርብህም። ነገ ብትሄድ አይቆጠርብህም። አንተ የምትሸሸው በር ከአምስት ሳምንት በፊት ተዘግቷል።

ሁለተኛ፦ ፋብሪካው ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ኢንሹራንስ ነበረህ። በሁለት ኢንሹራንስ መካከል ስልሳ ሦስት ቀን ካልሞላ የድሮው ይቆጠርልሃል፤ ይዘኸው መጣህ ማለትም አይችሉም። የፋብሪካው ካበቃበት ከማርች አንድ እስከ ኤፕሪል 25 ቆጥሬዋለሁ። ሃምሳ ስድስት ቀን ነው። የዘጠና ቀን መጠበቂያው ከባዶው ቀን ውስጥ አይገባም። ሰባት ቀን ተርፎህ ነው የገባኸው።

እውነት ነው፣ ካርዱ ከመምጣቱ በፊት የምትታይበትን ከኪስህ ትከፍላለህ። ክፈል። ቀድመህ መታየትህ ግን ከኢንሹራንሱ የሚያስቀርብህ ነገር የለም። ነገ ሂድ።

ሄልሚ


ኤልኮ
ጁን 7 ቀን 1999

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ለዴል አነበብኩለት፤ የታመመው የአጎቴ ልጅ ነው ብዬ። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? “እህትህ ያነበበችው ሕግ ነው፤ ሂሳቡን የሚያየው ግን ሰው ነው።” የእህቱ ባል ወገቡን አሞት ካርዱ ሊደርሰው አንድ ቀን ሲቀረው ሐኪም ቤት ሄዶ፣ ዓመት ሙሉ ሲጨቃጨቅ ኖረ አለኝ። በሕጉ አሸነፈ፤ ወገቡ ግን አሁንም ጎብጧል።

አንቺን አላምንም አይደለም። አሁን ሄጄ ቢቆርጡኝ ስንት ቀን ከሥራ እቀራለሁ? የሙከራ ጊዜ ላይ ነኝ። ሥራው ከሄደ ካርዱም ይሄዳል፣ ካርዱ ከሄደ ሎሬይንና ክሪስታም ያለ ካርድ ይቀራሉ። ይህን ሁሉ እያወራሁልሽ ሳለ ደግሞ እውነቱ ሌላ ነው፤ ፈርቻለሁ። ካልሄድኩ ማንም ምንም አላለኝም። አባባ ሄዶ በወሩ ሞተ፤ አንቺም ነበርሽ።

ሰባት ሳምንት ብቻ ቀረ። ቻይኝ።

ይልቅ የታመመው ልብሽ እንዴት ነው? አንድም ቃል አልጻፍሽልኝም። ከፋብሪካው በኋላ ምን ኢንሹራንስ ገባሽ? ኪኒንሽን ማን ይከፍላል?

ዌይኖ


ፓይን ሃርበር
ጁን 13 ቀን 1999

ወንድሜ፣

ይህ ደብዳቤ ሳይደርስህ ሎሬይን ትደርሳለች። ትናንት ጠዋት ክሪስታንና ውሻውን ጭና ተነስታለች። ዓርብ ማታ ዕቃ ስንጭን ነገርኳት። አዎ፣ አደራህን በላሁ። ስነግራት የሳህን ሳጥን ይዛ ነበር፤ አስቀመጠችና “ከመቼ ጀምሮ?” አለችኝ። ከኤፕሪል አልኳት። ዕቃውን መጫን ትታ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ተነሳችና “የቀረውን ለድሃ ስጪው፤ ሲነጋ እሄዳለሁ” አለች። ጥላኝ ከፈለግህ። ጠልተኸኝ ብትኖር ይሻለኛል።

ስለ አባባ የጻፍከው ልክ አይደለም። አባባ ሄዶ አይደለም የሞተው፤ ዘግይቶ ሄዶ ነው። ክረምቱን ሙሉ “ፀደይ ይምጣ” ይል ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም የሚባለው በእሱ ደርሶ አይቼዋለሁ። አንተ ያን ጊዜ ወታደር ቤት ነበርክ፤ እኔ ነበርኩ ከጎኑ።

የጠየቅኸኝን አሁን ልመልስ። ለማንም አልተናገርኩትም። እኔ ምንም ኢንሹራንስ የለኝም።

ስልሳ ሦስቱ ቀን ሳይሞላ ማመልከቻ ያስገባ ሰው፣ ልቡም ቢታመም በግሉ እንዲገባ ሊፈቅዱለት ይገደዳሉ። ይህን ለሁለት መቶ ሰው ነግሬያለሁ። ማርችና ኤፕሪል ሙሉ የሰው ፎርም ስሞላ፣ የራሴ ግን መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሰኞ፣ ሰኞ ስል ቀኔ ሜይ ሁለት ላይ አለቀ። ያስገባሁት ሜይ አሥር ነው። በስምንት ቀን ዘግይቼ። “ልብሽ ስለታመመ አንቀበልሽም” የሚል ወረቀት መጣልኝ። ሕጉን አላውቅም ብዬ እንኳ ማመካኘት አልችልም። ኪኒኑን አሁን ግማሽ ግማሹን ነው የምውጠው።

ለአንተ በሩ ክፍት ነው፣ ዌይኖ። በእኔ ላይ ተዘግቷል። ክፍት በር ፊት ቆመህ አልገባም ስትል ሳነብ ምን እንደሚሰማኝ እንዴት ልንገርህ። ሎሬይን ስትደርስ አትከራከራት።

ሄልሚ


ኤልኮ
ጁን 27 ቀን 1999

እትዬ ሄልሚ፣

እጄ ደህና ነው፣ የሚያመኝ ሌላው ነው፤ ስለዚህ መጻፍ እችላለሁ።

መጀመሪያ ይቅርታ። ሎሬይን ስትደርስ በጣም ተናድጄብሽ ነበር። ስድስት ቀን ሙሉ ስምሽን አላነሳሁም። ከዚያ ስምሽን ሳነሳ አለቀስኩ፤ ለዴል ጉንፋን ነው አልኩት።

ሎሬይን ተጎታች ቤቱ በር ላይ ሆና ሰላም እንኳ አላለችኝም። “ግባ መኪና ውስጥ” አለች። ዴል ቋሊማውን ይዞ “እንዴት ነሽ እመቤቴ?” ቢላት “አንተ ነህ ዴል? ከአንተ ጋር ኋላ እንነጋገራለን” አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዴል ሎሬይንን ሲያይ ኮፍያውን ያወልቃል።

ሐኪሙ ወጣት ነው። በአልትራሳውንድ አየኝ። “መቼ ነው መጀመሪያ ያየኸው?” ሲለኝ ትናንት የሚለው ቃል አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ሎሬይን አየችኝ። “ኤፕሪል ሦስት” አልኩ። ጻፈው። 

ሰኞ፣ ጁን 21፣ ሶልት ሌክ ሄጄ ቆረጡልኝ። አንዱን። አንዱ ቀርቷል፤ ዴል አንድ ሞተር ያለው አውሮፕላንም ይበራል ይላል። ካንሰር ነው። ሆዴ ውስጥ ያሉ እጢዎች ትንሽ ያበጡ ይመስላሉ። ሐኪሙ ይህ ዓይነቱ ለጨረር ሕክምና ቶሎ ይሸነፋል አለኝ። ሃያ ቀን ጨረር እወስዳለሁ። ቁስሉ እስኪድን ጁላይ መጨረሻ ይሆናል፤ ያኔ ካርዱም ይደርሳል። “እስከ ጁላይ ብቆይ ኖሮስ?” ብዬ ጠየቅሁት። ፋይሉን ዘጋውና ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ወጣ።

አለቃዬ ሥራህ ይጠብቅሃል ብሏል። ስለ ቀዶ ጥገናው ሂሳብ አትጠይቂኝ፤ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እንድከፍል ተስማምተውልኛል፣ ይበቃል።

አንቺ ግን ግማሽ ኪኒን ያልሽው ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ለምን አልነገርሽኝም? ያን ሁሉ ሰው ስታስተናግጂ አንድ ሰው እንኳ “አንቺስ?” አላለሽም?

ዌይኖ


ኤልኮ
ኦገስት 6 ቀን 1999

እትዬ ሄልሚ፣

አጭር ነው የምጽፈው። ዴል ትክክል ነበር።

ዘጠኝ ቀን ጨረር ወስጄ ትናንት ከኢንሹራንሱ ደብዳቤ መጣ። “ሕመሙ ከኤፕሪል 26 በፊት እንደነበረ ከሐኪሙ መዝገብ ተረድተናል፤ ስለዚህ ለአሥራ ሁለት ወር አንከፍልም” ይላል። ኤፕሪል ሦስት ብዬ በገዛ አፌ የተናገርኩትን ነው ያገኙት። ደግሞ የድሮ ኢንሹራንስ ነበረህ የሚል ማረጋገጫ ከቀድሞ አሠሪህ አምጣ ይላል። ከየትኛው አሠሪ? በሰንሰለት ከተጠፈረው በር ነው?

ሆስፒታሉ ማን እንደሚከፍል እስኪታወቅ ጨረሩን አቁሟል። ሐኪሙ የኢንሹራንሱ ሰውዬ ላይ በስልክ ሲጮህ ከኮሪደር ሰማሁት። ጨረር መሀል ላይ አይቆምም፣ ለጊዜው ተውት የሚባል ነገር አይደለም እያለ ነበር። አልሰሙትም።

ሎሬይንን ዛሬ ጠዋት ሣር የሌለው ግቢ ስትጠርግ አየኋት። እውነቱን ተናገር ያለችኝ እሷ ስለሆነች ራሷን እየወቀሰች ነው። ምን ልበላት?

ዌይኖ


ፓይን ሃርበር
ኦገስት 12 ቀን 1999

ወንድሜ ዌይኖ፣

ሎሬይንን እንዲህ በላት፦ ሄልሚ ደግ አደረግሽ ብላሻለች። ትናንት ያየሁት ነው ብለህ ዋሽተህ ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ነርስ አንዲት ቃል ስታወጣ ከኢንሹራንሱ ጭምር ያባርሩህ ነበር። እውነቱ አልጎዳህም። እነሱ ናቸው ሕጉን ያጣመሙት። እብጠቱን አንተ ማየትህ አይቆጠርም፤ ሐኪም ማየቱ ነው የሚቆጠረው። ከጁን 15 በፊት ያየህ ሐኪም የለም።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። የሠራሁትን ልንገርህ። መጀመሪያ የፋብሪካውን የኪሳራ አጣሪ ጠበቃ ዲትሮይት ደወልኩለት። ጸሐፊዋ “ፋይሎቹ መጋዘን ናቸው” አለችኝ። መጋዘኑ የት ነው? “አላውቅም፣ እመቤቴ።” እኔ ግን አውቃለሁ፤ ፋይሎቹን በእጄ ያሸግኋቸው እኔ ነኝ። ሳጥን አርባ ሁለት ውስጥ ነህ። መንካት ግን አይፈቀድልኝም።

እዚያው ወጥ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳስብ ሎሬይን ትዝ አለችኝ። የታይሮይድ ኪኒኗ! በአንተ ኢንሹራንስ አይደል ትወስደው የነበረው? ሊዮ ጋ ሄድኩ። ሊዮ መዝገቡን ኮምፒዩተር ላይ ከፍቶ “ከመቼ ጀምሮ ትፈልጊያለሽ?” አለኝ። የምትችለውን ያህል አልኩት። ሃያ ሁለት ወር አወጣልኝ፤ አንድ ወር ሳይዘል፣ በየወሩ የአንተ ስምና የፋብሪካው ኢንሹራንስ ቁጥር አለበት። መጨረሻው ፌብሩዋሪ 24 ነው። ሊዮ ፈረመበት፣ ማኅተሙን ሁለት ቦታ መታበት። ልከፍለው ብል “ሂጂ ወዲያ” አለኝ።

ሎሬይን የደመወዝ ደረሰኞችህን እንዳልጣለች ተስፋ አደርጋለሁ፤ ኢንሹራንስ ከደመወዝህ የተቆረጠበትን የመጨረሻ ዓመት ፈልጉ። አንተ ደግሞ በእጅህ እንዲህ ጻፍ፦ “ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ኢንሹራንስ ነበረኝ፤ አሠሪዬ ስለከሰረ ማረጋገጫ ሊሰጠኝ አይችልም፤ የምትፈልጉትን ሁሉ ለማምጣት እተባበራለሁ።” ይህን ካልክና ሌላ ማስረጃ ካቀረብክ፣ ያ ወረቀት የለህም ብለው ሊመልሱህ አይችሉም። በቁጣ አትጻፍ። እኔ በቁጣ ጽፌ ቀድጄዋለሁ።

የሊዮን ወረቀት ዛሬ በአደራ ደብዳቤ ልኬዋለሁ። አንዱን ለአንተ፣ አንዱን በቀጥታ ለእነሱ። ላኩትና ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ትንሽ አረፍ አልኩ። ሙቀቱ ነው፤ ሌላ ነገር አይምሰልህ።

ሄልሚ


ኤልኮ
ሴፕቴምበር 8 ቀን 1999

እትዬ ሄልሚ፣

ትናንት የመጨረሻውን ጨረር ወሰድኩ። ሃያኛውን።

በስልክ በአንድ ትንፋሽ የጮህኩልሽን በወረቀትም ላስቀምጠው። ኦገስት 20 ደብዳቤ መጣ። አንድ አንቀጽ ነው፣ ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም። “ተጨማሪ ማስረጃ ከተመለከትን በኋላ ውሳኔያችንን ለውጠናል” ይላል፤ ሌላ የለም። ሎሬይን ስታነበው መጀመሪያ አልገባትም። ሦስተኛ ጊዜ ስታነበው ወደ ውጭ ወጥታ ለውሻው አነበበችለት። በቀጣዩ ሰኞ ጨረሩን ካቆሙበት ቀጠሉ። መሀል ላይ አሥራ አንድ የሥራ ቀን ባክኗል። ይህ ምን ጉዳት ያደርሳል ብዬ ስጠይቅ ሐኪሙ “ዲሴምበር ላይ ሆድህን በራጅ ስናነሳ እናያለን” ይላል። ስለዚህ ዲሴምበርን እየጠበቅሁ ነው። ምግብ ሽታው ራሱ ያስመልሰኛል፤ የዴል ቋሊማ በተለይ። ለዴል ስነግረው ደስ አለው፤ ለብቻው ሊበላ ነው።

ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ያረፍሽውን ረስቼ አይደለም። ሙቀቱ ነው ብለሽ ጻፍሽ። ኦገስት ላይ በዚያ በሐይቁ ንፋስ ምን ዓይነት ሙቀት ነው? ጀልባው የት ነው የሰመጠው ብለሽኝ ነበር፤ እኔም ልጠይቅሽ።

ዌይኖ


ፓይን ሃርበር
ሴፕቴምበር 14 ቀን 1999

ወንድሜ ዌይኖ፣

እሺ፣ አልደብቅህም። ፖስታ ቤቱ ጋ ደረቴን ወጋኝ። ፖስተኛዋ ውኃ ሰጠችኝ፣ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ሁለቴ መጥቶብኛል። ሐኪሙ ጋ አልሄድኩም። ለምን እንዳልሄድኩ አንተ ታውቃለህ፤ ለአንተ ያን ሁሉ ጽፌ እኔ ለመሄድ ፈራሁ። ብትስቅብኝ አልቀየምም።

አሁን ግን ወሬ አለኝ። ከሴፕቴምበር አንድ ጀምሮ ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ተቀጥሬያለሁ። በስልሳ አንድ ዓመቴ ፀጉሬን በመረብ ሸፍኜ ለልጆች ድንች እጨልፋለሁ። ክሪስታን ያስተማረችው ሚስ ፔልቶ ስታየኝ “ሄልሚ፣ አንቺ?” አለችኝ። ምን ላድርግ? ኢንሹራንስ አላቸው። የሚቀበሉትም ማንንም ሳይለዩ ነው፤ በሥራ የሚገኝ ኢንሹራንስ ስለሆነ ሕጉ ያስገድዳቸዋል። ካርዱ ዛሬ ደረሰኝ።

ወረቀቱን ግን በደንብ አነበብኩት፤ እንደ ሥራዬ። የእኔ ባዶ ጊዜ ከስልሳ ሦስት ቀን ስላለፈ የድሮው ሠላሳ ዓመቴ አይቆጠርልኝም። ልቤን ደግሞ ሐኪም ሲያክመው ኖሯል። ስለዚህ እጄ ቢሰበር ይከፍላሉ፣ ዓይኔ ቢጠፋ ይከፍላሉ፣ ሳንባዬም ተካቷል። የልቤን እስከሚመጣው ዓመት ሴፕቴምበር ድረስ አይከፍሉም። ይህን አንብቤ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቁ ደረቴን አሳመመኝ።

ከዚህ በኋላ ዓመቱን እየተጠነቀቅሁ መግፋት ነው። ኪኒኑን አሁንም ግማሽ ነው የምውጠው፤ ደመወዝ እስኪገባ። ለክረምቱ እንጨት አምጥተው ግቢዬ ውስጥ ገልብጠውልኛል፣ ሁለት መኪና ሙሉ ግንድ። ቀስ እያልኩ በቀን ጥቂት ጥቂት እፈልጠዋለሁ። በረዶው ሳይጀምር እጨርሳለሁ ብዬ አስባለሁ።

አንተ ምግብ ባትፈልግም ብላ።

ሄልሚ


ኤልኮ
ሴፕቴምበር 20 ቀን 1999

እትዬ ሄልሚ፣

አልሳቅሁብሽም። ደብዳቤሽን ለሎሬይን ጮክ ብዬ ሳነብላት “ሁለት መኪና ሙሉ ግንድ” የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ከእጄ ቀማችኝ።

አለቃዬ ዘጠኝ ቀን ሰጥቶኛል። የምቀርበትን ፈረቃ ዴል ይሸፍንልኛል፤ ሳልጠይቀው ነው እሺ ያለኝ፣ ሎሬይን ዕቃ እያጠበች ወደ እሱ ዞራ ስላየችው ይመስለኛል። ሐሙስ ጠዋት እነሳለሁ። ብቻዬን ነኝ፣ መኪናው ጥሩ ነው፣ ሐኪሙም ንዳ ብሎኛል። ቅዳሜ ማታ እደርሳለሁ። ሰኞ ጠዋት ሐኪምሽ ጋ አብረን እንሄዳለን። ቀጠሮውን ሎሬይን ዛሬ በስልክ ይዛልሻለች፤ ከሷ ጋር ልትከራከሪ ከፈለግሽ ቁጥሩን ታውቂዋለሽ። የኪኒኑን ነገር ከሊዮ ጋር ተነጋግረናል። ይህ ደብዳቤ ከደረሰሽ ቀን ጀምሮ ሙሉውን ነው የምትውጪው።

የልብሽ መጠበቂያ አሥራ ሁለት ወር ነው፤ አንዱ ሊያልቅ ነው።

መጥረቢያውን ለጎረቤት ስጪው። እስክደርስ አንዲት ግንድ እንዳትነኪ።

ወንድምሽ ዌይኖ